ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል
ልጁን ለመጀመሪያ ግልቢያ ለሚያሰናዳ ቤተ ሰብ የቀረበ ምክር

አዝመራው ተሰብስቦ እኽሉ ጎተራ ከገባ በኋላ የታኅሣሥና የጥር ወር በደጋው አገር የፈረስ ወራት ነው። ሜዳው ይደርቃል፥ ሰማዩ ይጠራል፥ ጥምቀትና ሠርግ ይከታተላል፤ በየቤቱም ለግልቢያ የደረሰ ልጅ ሁሉ «ዘንድሮስ እኔም ከፈረሰኞቹ ጋራ ልውጣ» እያለ አባቱን ይለምናል። አባት በልጁ ድፍረት ደስ ይለዋል፤ የእናት ልብ ግን ይሠጋል። ዛሬ የምንነጋገረው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ስላለው ነገር ነው፤ ይኸውም የልጁ ድፍረት ሳይሰበር፥ የእናቲቱም ሥጋት ሳይናቅ፥ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እሽቅድምድም ሜዳ የሚወጣ ጋላቢ ምን ታጥቆ መውጣት እንደሚገባው ለማስረዳት ነው።

አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ብለዋል። ይህ ተረት ለመንግሥት ሥራም ለቤት አስተዳደርም ይጠቀሳል፤ ዳሩ ግን እንደ ፈረስ ግልቢያ ቃል በቃል የሚፈጸምበት ስፍራ አይገኝም። በችኮላ የታሰረ ጠፍር በሽምጥ መካከል ይላላል፥ ኮርቻው ይዞራል፥ ልጁም ከፈረሱ ሆድ በታች ይገኛል። የቀድሞ ነገሥታትና መኳንንት በፈረሳቸው ስም ይጠሩ እንደ ነበር ሁሉም ያውቃል። ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፥ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፥ ራስ መኰንን አባ ቃኘው፥ ራስ ጎበና አባ ጥጉ ይባሉ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ደግሞ አባ ታጠቅ ይባሉ ነበር። ከእነዚህ ስሞች ሁሉ ለጀማሪ ጋላቢ የሚስማማው ይህ የመጨረሻው ነው፤ ከመጋለብ በፊት መታጠቅ አለና።

ምክራችን በአየር ላይ የተንጠለጠለ እንዳይሆን አንድ አገር መርጠን በዚያ ላይ እንናገራለን። መሐል ሜዳ በሰሜን ሸዋ የመንዝ ጌራ ምድር ወረዳ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ከሚወስደው ጐዳና ከጣርማ በር ላይ ተገንጥሎ ወደ ሰሜን የሚሄደው መንገድ ወደ እርሷ ያደርሳል። ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። መንዝ ከጥንት ጀምሮ ማማ ምድር፥ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር ተብሎ በሦስት የተከፈለ አገር ነው። በአካባቢው በሚነገረው ትውፊትም የአገሩ አቅኚ አባቶች አስቦና ጌራ መሬታቸውን በፈረስ ግልቢያ እንደ ተካፈሉት ይተረካል። እንግዲህ በዚህ አገር ፈረስ መጓጓዣ ብቻ ሳይሆን የርስትና የክብር ነገር ሆኖ ቈይቷል ማለት ነው። ልጅ በፈረስ ላይ ለመታየት መጓጓቱም ከአባቶቹ የወረሰው ስለ ሆነ ሊነቀፍ አይገባውም፤ የሚያስፈልገው መዘጋጀት ብቻ ነው።

አስቀድሞ አንድ ነገር በልብ መያዝ ያሻል። ብዙ ሰው የእሽቅድምድም ዕቃ ሲባል ለመፍጠን የሚረዳ ዕቃ ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። የጀማሪ ዕቃ ሁሉ የተሠራው ለመውደቅ ነው። መጋለብ የጀመረ ሰው መውደቁ አይቀርም፤ ዋናው ጥያቄ በወደቀ ጊዜ ከፈረሱ በደኅና ይለያል ወይስ ተይዞ ይጐተታል የሚለው ነው። ጋላቢን ክፉኛ ከሚጐዱት ነገሮች አንዱ ከመሬት ጋራ መጋጨቱ ነው፤ ሌላው ደግሞ ከወደቀ በኋላ ከሚሮጠው ነገር ጋራ ተጣብቆ መቅረቱ ነው። ይህን የተረዳ አባት ለልጁ ዕቃ ሲመርጥ አይሳሳትም።

የቀድሞ ሰዎች ይህን በሚገባ ያውቁ ነበር። የአገራችን የዱሮ እርካብ አንድ የእግር አውራ ጣት ብቻ የሚያስገባ ትንሽ ቀለበት ነበር። ፈረሰኛው በባዶ እግሩ ሆኖ በአውራ ጣቱ እርካቡን ይይዛል። ከውጭ የመጡ ተጓዦች ይህን አይተው እንደ ድህነት ቈጥረውት ይሆናል፤ ነገር ግን በዚህ እርካብ የሚቀመጥ ሰው ቢወድቅ እግሩ ወዲያውኑ ይለቀቃል እንጂ ተሰንጎ አይጐተትም። ዛሬ ልጆቻችን ጫማ አድርገው ስለሚጋልቡ ያ ጥበብ በሌላ መንገድ መተካት ይኖርበታል። እንዴት እንደሚተካ ከዚህ በታች በተራው እንናገራለን።

1ኛ፤ ስለ ልጁና ስለ ፈረሱ። ልጁ ወደ እሽቅድምድም ከመግባቱ በፊት በእርምጃ፥ በሶምሶማና በደንገላሳ በየተራው መቀመጥን፥ በልጓም ማቆምን፥ በግራና በቀኝ መመለስን የለመደ መሆን አለበት። ፈረሱን ከሽምጥ ወደ እርምጃ በራሱ እጅ ለመመለስ ያልቻለ ልጅ ገና አልደረሰም፤ በዕድሜውም ሆነ በአባቱ ስም ሊለካ አይገባውም። ለጀማሪ የሚሰጠው ፈረስ ደግሞ በገበያ ከሁሉ ፈጣን ተብሎ የተመሰገነው አይደለም። ዕድሜው የበሰለ፥ ጠባዩ ገር፥ ጭብጨባና እልልታ የማያስደነግጠው፥ ከሌሎች ፈረሶች መካከል ሲገባ የማይራገጥ ፈረስ ይመረጥለት። ልጁ ያልጠና፥ ፈረሱም ያልጠና ከሆነ ሁለት ተማሪዎች ያለ መምህር እንደ ተላኩ ይቈጠራል።

ከግልቢያው አንድ ሳምንት በፊት የፈረሱን ጀርባ በእጅ መዳሰስ ይገባል። ቍስል ወይም እብጠት ቢገኝ፥ ወይም ሲዳሰስ ቢሸማቀቅ፥ ፈረሱ ገጣባ ሊሆን ጀምሯልና ኮርቻ አይጫንበት። የሚያመው ፈረስ ከሥቃዩ ለመሸሽ ሲዘል ልጁን መጣሉ የፈረሱ ጥፋት አይደለም። ኮቴውንም እያነሡ መካከሉን በእንጨት ማጽዳትና ጠጠር ወይም ስንጥቅ እንዳለበት መመልከት ያስፈልጋል፤ የደጋ ፈረሶች ብዙዎቹ ብረት ሳይመታላቸው በባዶ ኮቴ ስለሚሄዱ የተሰነጠቀ ኮቴ በደረቅ ሜዳ ላይ ቶሎ ያነክሳል።

2ኛ፤ ስለ ፈረሱ ዕቃ። የአገራችን ኮርቻ በሁለት ጐን የተጋደሙ ሳንቃዎች ከፊትና ከኋላ በተቀረጸ እንጨት ተያይዘው የሚሠራ ነው። መካከሉ ክፍት ሆኖ የፈረሱን የጀርባ አጥንት እንዳይነካ መደረጉ መልካም ብልኀት ነው። ይሁን እንጂ እንጨቱ በዕድሜ ብዛት ሲሰነጠቅ፥ ወይም በላዩ የተለበጠው ቈዳ ሲላቀቅ፥ ሳንቃው የፈረሱን ጐን ይወጋል። ስለዚህ ኮርቻውን ገልብጦ ከሥር ማየት ያስፈልጋል። ከኮርቻው በታችም በቂ ልስላሴ ያለው ነገር ይነጠፍ፤ በመንዝ ከበግ ጠጕር የሚሠራው ባና ታጥፎ ቢነጠፍ ላብም ይጠጣል፥ ጀርባንም ይጠብቃል። የታጠፈው ጨርቅ ግን መጨማደድ የለበትም።

ከዕቃው ሁሉ ሕይወት የሚንጠለጠልበት በሆዱ ዙሪያ የሚታጠቀው ጠፍር ነው። ቈዳ በፀሐይ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፥ ከረጠበም በኋላ ይበሰብሳል፤ ከውጭ ሲታይ ደኅና መስሎ ከዘለበቱ ሥር ያለው መታጠፊያ አልቆ ይገኛል። ስለዚህ ጠፍሩን በሁለት እጅ ይዞ አጥፎ መመልከትና በኀይል መሳብ ይገባል። ስንጥቅ የታየበት ጠፍር አይሰፋም፤ ይለወጣል እንጂ። የጠፍር ዋጋ ምን ያህል ትንሽ እንደ ሆነ፥ የልጅ አጥንት ደግሞ በምን ያህል ዋጋ እንደማይገኝ እያንዳንዱ አባት ያስብ።

ስለ ማጥበቁም ሥርዐት አለ። ፈረስ ሲጫኑት ሆዱን በአየር የሚነፋ እንስሳ ነው፤ በመጀመሪያ የጠበቀ የመሰለው ጠፍር ጥቂት ከሄደ በኋላ ይላላል። ስለዚህ ሦስት ጊዜ ይጠበቃል። መጀመሪያ ሲጫን፥ ሁለተኛ ጥቂት ካራመዱት በኋላ ልጁ ከመውጣቱ በፊት፥ ሦስተኛም ልጁ ከተቀመጠ በኋላ ወደ መነሻው ሲደርስ ነው። አውራ ጐዳናውን ይዞ በሜዳ ለሚሮጥ ፈረስ ይህ ሊበቃ ይችላል፤ መንገዱ አቀበትና ቍልቍለት ያለበት ከሆነ ግን ኮርቻው ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት በደረቱ በኩል፥ ወደ ፊትም እንዳይመጣ ከጅራቱ ሥር የሚያልፈው ጠፍር መታሰር አለበት።

ልጓሙ ለፈረሱ አፍ የተለካ ይሁን። የጠበበ ብረት ከንፈሩን ይቈርጣል፤ የሰፋም ጥርሱን ይመታል። ጀማሪ ልጅ በፈራ ጊዜ ሁሉ ዛቡን ስለሚስብ በአፍ ላይ የሚጨክን ልጓም ለእርሱ አይሰጥ፤ የታመመ አፍ ፈረስን ያስደነብራል እንጂ አያቆምም። ዛቡን በእጁ አንጓ ላይ መጠምጠምም ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን፤ የጠመጠመ ልጅ በወደቀ ጊዜ እጁን ለማስለቀቅ ጊዜ አያገኝም።

አሁን ወደ እርካቡ እንመለስ። ጫማ ያደረገ ጋላቢ እርካቡ ከጫማው ስፋት በግራም በቀኝም አንዳንድ ጣት የሚያህል ክፍት ሊተርፈው ይገባል። ከዚህ የጠበበ ጫማውን ይነክሳል፤ እጅግ የሰፋ ደግሞ እግር ሙሉውን አልፎ እንዲገባ ያደርጋል። ጫማውም ተረከዝ ያለው ሊሆን ይገባል፤ እግር ወደ ፊት አልፎ እንዳይገባ የሚከለክለው ይኸው ተረከዝ ነው። በደጋው አገር ብዙ ሰው የሚያደርገው የፕላስቲክ ኮንጎ ጫማ ተረከዝ ስለ ሌለው፥ ቦቲውም ወፍራምና የማይታጠፍ ስለ ሆነ ለግልቢያ አይመቹም። ተስማሚ ጫማ ያልተገኘ እንደ ሆነ የጥንቱን የአውራ ጣት እርካብ አሠርቶ በባዶ እግር መጋለብ ከመጥፎ ጫማ ይሻላል።

በዘመኑ ካለው የፈረንጅ ትምህርት ጋራ የማይስማማ አንድ የአገር ልማድ መኖሩንም እናስታውስ። የቀድሞ ፈረሰኞቻችን ጐራዴያቸውን በቀኝ ስለሚታጠቁ በቀኝ በኩል ይወጡ ነበር፤ በሌላው ዓለም ግን ብዙውን ጊዜ የሚወጣው በግራ ነው። ፈረሱ በየት በኩል መውጣት እንደ ለመደ ልጁ አስቀድሞ ካልጠየቀ፥ ባልለመደው ጐን ሲቀርበው ፈረሱ ሊሸሽ ይችላል።

3ኛ፤ ስለ ልጁ ልብስና ስለ ራሱ። በበዓል ቀን ካባና ነጠላ ማማር የተለመደ ነው፤ ነገር ግን በግልቢያ ላይ የሚውለበለብ ጨርቅ ሁሉ መያዣ ነው። ነጠላው በወገብ ላይ ተጠምጥሞ ጫፉ ይሸሸግ፤ በአንገት ላይ የሚቋጠር ነገር አይደረግ። ለግላሱ፥ ለጋማው ጌጥና ለቃጭሉ የሚወጣው ገንዘብና ድካም ሁሉ ከጠፍሩና ከራስ ቍሩ በኋላ የሚመጣ ይሁን።

የራስ ቍር፥ ዛሬ በተለምዶ ሄልሜት የሚባለው፥ ለብዙ ፈረሰኞቻችን እንግዳ ነገር ነው። «አባቶቻችን ጐፈሬያቸውን አበጥረው ጋለቡ እንጂ ይህን መች ለበሱ» የሚል ይኖራል። ለዚህ መልስ የሚሆን አንድ ታሪክ እንናገር። የዐረብ ሎረንስ እየተባለ በዓለም የታወቀው እንግሊዛዊ መኰንን በ1935 በኤውሮፓውያን አቈጣጠር በግንቦት ወር በሞተር ብስክሌት ሲሄድ ወድቆ ራሱን ተመታ፤ ከ6 ቀን በኋላም ሞተ። በብዙ ጦርነት ያለፈ ሰው በአገሩ ጐዳና ላይ በባዶ ራሱ መውደቁ ካከሙት ሐኪሞች አንዱን ሂዩ ኬርንስን እጅግ አሳሰበው። ኬርንስ ነገሩን መርምሮ የራስ ቍር ያደረጉ ሞተረኞች የራስ ጉዳታቸው የቀለለ መሆኑን በ1941 ጽፎ አስታወቀ። በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ጦር ሠራዊት መልእክተኛ ሞተረኞቹ የራስ ቍር እንዲያደርጉ አዘዘ። ከዚያ ወዲህ ይህ ዕውቀት ወደ ብዙ አገር ተስፋፋ። የሎረንስ ድፍረት ከማንም ያላነሰ ነበር፤ ነገር ግን ድፍረት የራስ ቅልን አያወፍርም።

የራስ ቍር ሲመረጥ ልኩን ማወቅ ያሻል። ራስን ሲነቀንቁ መንቀሳቀስ የለበትም፤ በግንባር ላይ ወርዶ ከቅንድብ ትንሽ ከፍ ብሎ መቀመጥ አለበት። ከአገጭ ሥር የሚታሰረውም ጠፍር ከሁለት ጣት በላይ የማያስገባ ይሁን። ሳይታሰር የተደረገ የራስ ቍር ከልጁ ቀድሞ ይወድቃል። አንድ ጊዜ በኀይል የተመታ የራስ ቍር ውስጡ ሥራውን ፈጽሟልና ከውጭ ደኅና ቢመስልም ይጣላል። ለሕንፃ ሠራተኛ የተሠራው ቆብ ከላይ ለሚወድቅ ነገር የታሰበ ስለ ሆነ ለጋላቢ አያገለግልም።

4ኛ፤ ስለ ጕግስ። ፈረስ ጕግስ ከተራ እሽቅድምድም ይለያል፤ አንዱ ወገን ሲሸሽ ሌላው እያባረረ ዘንግ ይወረውራል፥ የሚሸሸውም በጋሻው ይከላከላል። ጨዋታው የጦር ትምህርት ነበረና ዛሬም ልብን ያሞቃል። ዳሩ ግን ለጀማሪ ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ እንዲሠራ ማስገደድ ስሕተት ነው። በመጀመሪያው ዓመት ያለ ዘንግ ከአንድ አዋቂ ፈረሰኛ ጐን ሆኖ ይሩጥ፤ በሁለተኛው ጋሻ መያዝን ይልመድ፤ ከዚያ በኋላ ዘንግ ይሰጠው። ዘንጉም ቀላልና ጫፉ የደነዘ ይሁን፤ ከትከሻ በላይም አይወርወር። ፊቱን ወደ ኋላ መልሶ የሚመለከት ልጅ ዘንጉ ዐይኑን እንዳያገኘው ጋሻውን ከትከሻው ጋራ አስተካክሎ መያዝን በቆመ ፈረስ ላይ ደጋግሞ ይማር።

5ኛ፤ ስለ ሜዳውና ስለ አየሩ። በመሐል ሜዳ አካባቢ በታኅሣሥና በጥር ሌሊት ውርጭ ይጥላል፤ ማለዳ ሣሩ ያንሸራትታል፥ መሬቱም ይጠጥራል። ስለዚህ ግልቢያው ፀሐይ ሜዳውን ካሞቀችው በኋላ ይጀመር። አንድ ቀን አስቀድሞም ሰዎች ተሰልፈው ሜዳውን በእግራቸው ይመላለሱበት፤ የፍልፈልና የአይጥ ጕድጓድ፥ የተቀበረ ድንጋይ፥ የተጣለ ሽቦ ያገኙ እንደ ሆነ ይድፈኑት፥ ያንሡት። ሕዝቡ ከሩጫው መስመር ርቆ እንዲቆም ገመድ ይዘርጋ፤ መድረሻውም ላይ ፈረሱ ቀስ ብሎ የሚቆምበት ሰፊ ስፍራ ይተው።

በ3,000 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳር ካለው 7 ዐሥረኛ ያህል ብቻ ነው። ከቈላ ወይም ከከተማ ለበዓል የመጣ ልጅ በዚህ አየር ቶሎ ይደክማል፥ ራሱንም ይዞረዋል፤ ስለዚህ ጥቂት ቀን አርፎ አየሩን ሳይለምድ አይጋልብ። ፈረሱም ገብሱን ከግልቢያው ሦስት ሰዓት ያህል በፊት በልቶ ይጨርስ፤ ከሩጫ በኋላም ወዲያው አይታሰር፥ ትንፋሹ እስኪመለስ ድረስ ይራመድ፥ በቀዝቃዛው ነፋስም እንዳይመታ ባና ይጣልበት።

6ኛ፤ ስለ ባለ አራት ጎማው ሞተር። በዘመናችን ፈረስ የሌለው ቤት ሞተር ሊኖረው ይችላል፤ ልጁም «በፈረስ ፈንታ በሞተር ልወዳደር» ሊል ይችላል። ከመንገድ ውጭ በሜዳና በተራራ የሚሄደው፥ እንደ ፈረስ ተቈናጠው የሚቀመጡበት፥ መሪው የሞተር ብስክሌት የመሰለ፥ ባለ ወፍራም ጎማ ሞተር መጀመሪያ ሦስት ጎማ ነበረው። የጃፓኑ ሆንዳ ኩባንያ በ1970 በኤውሮፓውያን አቈጣጠር ለአሜሪካ ገበያ አወጣው፤ ሱዙኪ ደግሞ በ1982 ባለ አራት ጎማውን አመጣ። ባለ ሦስት ጎማው በቀላሉ እየተገለበጠ ብዙ ሰው ስለ ጐዳ፥ በ1988 የአሜሪካ መንግሥትና ሠሪዎቹ በፍርድ ቤት በጸደቀ ስምምነት አዲሱ እንዳይሸጥ አደረጉ። ባለ አራቱም ቢሆን መገልበጡ አልቀረም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ዕድሜው 16 ዓመት ያልሞላ ልጅ ይህን ሞተር እንዳይነዳ ይመክራል፤ እኛም ይህን ምክር ለአንባቢዎቻችን እናስተላልፋለን።

ዕድሜው ለደረሰ ጀማሪ ግን በፈረሱ ላይ የተናገርነው ሕግ ሳይለወጥ ይሠራል፤ ዕቃው ሁሉ ለመውደቅ ነውና። ነጂው ሲወድቅ ሞተሩ ብቻውን እንዳይሮጥ በእጁ አንጓ ወይም በልብሱ ላይ የሚታሰር ገመድ አለ፤ ገመዱ ሲሳብ ሞተሩ ይጠፋል። ዛቡን መጠምጠም ክልክል ነው ብለን ይህን ገመድ እሰር ማለታችን የሚቃረን አይደለም፤ ዛብ ጋላቢውን ከሚሮጠው ጋራ ያስራል፥ ይህ ገመድ ግን ወዲያው ተነቅሎ የሚሮጠውን ያቆማል። ከእግር ማሳረፊያው ጐንና ኋላ የሚደረገው የብረትና የመረብ መከላከያ ደግሞ እግር ተንሸራቶ ከኋላው ጎማ ሥር እንዳይገባ ይከለክላል፤ ይህም የእርካቡን ተራ ይሠራል። ሞተሩ ሲያዘነብል ልጁ እግሩን ወደ መሬት እንዳያወርድ አጥብቆ ይነገረው፤ ያወረደው እግር በራሱ ጎማ ይረገጣል።

ከዚህ ሌላ ነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ በራሱ ተመልሶ መዘጋቱ፥ ፍሬኑ መያዙ፥ የጎማው ብሎኖች መጥበቃቸው፥ ሰንሰለቱ መሸፈኑ ይመርመር። የሚሰበር የመብራት መስታወት ከውድድር በፊት ይነቀል ወይም ይሸፈን። ነጂውም ከራስ ቍሩ ጋራ የዐይን መሸፈኛ፥ ጓንት፥ ረጅም እጅጌና ሱሪ፥ ከቍርጭምጭሚት በላይ የሚያልፍ ጫማ ያድርግ። ሁለተኛ ሰው ከኋላው አይቀመጥ። በመሐል ሜዳ ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ተራ ሞተር ከጕልበቱ ከ10 እጅ 3 እጅ ያህል ያጣል፤ ካርቡራተር ያለው ከሆነም ቤንዚኑ በዝቶ ስለሚያጨስ በዐዋቂ ባለ እጅ ይስተካከል። ደግሞም ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖርበት፥ ሕዝቡ ከአባቶቹ ጀምሮ በቄሮ ሥርዐት ጠብቆ ያቈየው የጓሳ መሬት የሞተር መጫወቻ አይደለም። የጎማ ጥርስ የጓሳን ሣር ከነሥሩ ይነቅላልና ውድድሩ በሌላ ስፍራ ይሁን።

7ኛ፤ ስለ ተቈጣጣሪ። እስካሁን የተናገርነው ሁሉ ለእያንዳንዱ ቤት ነው፤ አሁን የምንናገረው ግን ለሹማምንትና ለአገር ሽማግሎች ነው። በሌላው ዓለም የሞተር ውድድር ሲደረግ ማንም ከመነሻው በፊት ዕቃውን ለመርማሪ ያሳያል፤ መርማሪው ጕድለት ያገኘበት ሰው ያን ቀን አይነሣም። በአገራችንም በማኅበር ተደራጅቶ ፈረስን ማክበር እንግዳ አይደለም፤ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በዓሉን በሥርዐት ያከብራል። እንግዲህ በየወረዳውም ግልቢያ ሲደረግ ሁለት ዐዋቂ ፈረሰኞች ተመርጠው ጠፍሩን፥ እርካቡን፥ ልጓሙን፥ የልጁንም የራስ ቍር በእጃቸው እየዳሰሱ እንዲያሳልፉ ቢደረግ ብዙ ኀዘን ይቀራል።

ይህ ሥራ ግን አንድ ነገር ካልተጨመረበት ከንቱ ነው። መርማሪው ማንንም ለመመለስ ሥልጣን ሊኖረው ይገባል። የባለ ጠጋ ልጅ ወይም የሹም ልጅ የተሰነጠቀ ጠፍር ይዞ ሲመጣ መርማሪው አፍሮ የሚያሳልፈው ከሆነ፥ የድኻው ልጅ ድኖ የሚጎዳው የትልቁ ሰው ልጅ ይሆናል። ማዕረግ ጠፍር አያጠብቅም፤ ፈረስም የማንን ልጅ እንደ ተሸከመ አይጠይቅም። ስለዚህ አባት የሆነ ሹም በሕዝብ ፊት ልጁ ሲመለስበት ከመቈጣት ይልቅ መርማሪውን ቢያመሰግን፥ ያ አንድ ቃል ከብዙ ደንብ የበለጠ ሜዳውን ያስከብራል። ልጁም ፈረሱን በገዛ እጁ እንዲጭን ይልመድ፤ ጠፍሩን ሎሌ ወይም ዘመድ አሥሮለት ዘሎ የሚቀመጥ ልጅ የታመነበትን ነገር አያውቀውም።

8ኛ፤ ልጁ የወደቀ እንደ ሆነ። አስቀድሞ እንዲህ ይማር፤ መውደቁን ባወቀ ጊዜ ሁለቱንም እግሮቹን ከእርካብ ያውጣ፥ ዛቡን ይልቀቅ፥ እጁን ዘርግቶ መሬትን ለመቀበል አይሞክር፥ ክንዱን ሰብስቦ ከፈረሱ ወደ ውጭ ይንከባለል። ወድቆ በራሱ ካልተነሣ ሰው ተሯሩጦ አያቁመው። በሕዝብ ፊት ተጋድሞ መታየቱ ውርደት መስሎን ቶሎ ለማንሣት የምንቸኩለው ነገር የአንገትን ጉዳት የባሰ ሊያደርገው ይችላል። ራሱንና አንገቱን እንደ ተገኘ ይዞ ማቈየት፥ ልብስ ማልበስ፥ የሚጠጣ ነገር አለመስጠት፥ ትንፋሹ ካልተከለከለ በቀር የራስ ቍሩን አለማውለቅ ይገባል። አንገቱን ወይም ጀርባውን ለማሸት ወጌሻ አይጠራ፤ በሰፊ ሳንቃ ላይ ሳያጣምሙ አድርጎ ወደ ሆስፒታል ማድረስ ነው። ስለዚህ በግልቢያው ቀን ሳንቃውና መኪናው ከሜዳው ዳር ተዘጋጅተው ይዋሉ። ልጁ ደኅና ነኝ ብሎ ቢነሣም በዚያው ቀንና በማግስቱ ካስመለሰው፥ ራስ ምታቱ ከጸናበት፥ እንቅልፍ ካበዛ ወይም ንግግሩ ከተምታታ ጊዜ ሳያሳልፉ ለሐኪም ማሳየት የቤተ ሰቡ ግዴታ ነው።

እንግዲህ ነገራችንን በአጭሩ ለመሰብሰብ፤ ከግልቢያው በፊት ባለው ምሽት አባት፥ እናትና ልጅ በአንድነት ይቀመጡ። ኮርቻው፥ ጠፍሩ፥ ልጓሙ፥ እርካቡ፥ ጫማውና የራስ ቍሩ በመካከላቸው ይቅረብ። ልጁ እያንዳንዱን እያነሣ ምን እንደ ሆነና ስለ ምን እንደሚያስፈልግ ይናገር፤ አባት በእጁ ይሳበው፥ እናትም ትመልከተው። ከሦስቱ አንዱ የተጠራጠረበት ዕቃ ቢኖር ማለዳ አይወጣም፤ ዕቃው ካልተተካም ልጁ ያን ዓመት ከተመልካች ጋራ ይቆማል። አንድ ዓመት ቆሞ መመልከት ከፈረሰኛነት አያጐድልም፤ ዓመት ሁሉ ጥር አለ።

ልጅን ከፈረስ መከልከል የአባቶችን ሙያ ማስጠፋት ነው፤ ሳያስታጥቁ መስደድም ልጁን ራሱን ማጣት ነው። ሁለቱም የማይሆኑ ስለ ሆነ መካከለኛው መንገድ ይኸው ነው፤ ቆሞ መታጠቅ፥ ከዚያም መጋለብ።